«95 በመቶው ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዲት አንባቢ የላከችው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ 31 ዓመቴ ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቢሮ እሠራለሁ። ላለፉት አራት ዓመታት ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ሰገራዬ ይቀጥናል፣ ያጣድፈኛል። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ ቁርጠቱ ይለቀኛል። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስይዝ ‹አራት ኪሎ ሳልደርስ መውረድ ይኖርብኝ ይሆን?› እያልኩ እጨነቃለሁ። በመንገዴ ላይ የትኛው ካፌ ሽንት ቤት እንዳለው በቃሌ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ‹አሜባ ነው› ተብዬ መድኃኒት ወስጃለሁ። ለሳምንት ይሻለኝና ይመለሳል። ከአምስት ሳምንት በፊት የአእምሮ ሐኪም ለጭንቀቴ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም አዘዘልኝ። ጭንቀቱ ቀለል ብሎኛል፤ ተቅማጡ ግን ባሰብኝ። በቅርቡ አንድ ቪዲዮ ላይ ‹95 በመቶው የደስታ ሆርሞን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ጭንቀት የሚታከመው በአንጀት ነው› ሲባል ሰማሁ። የአክስቴ ልጅም ከአሜሪካ ስትመጣ ፋይቭ-ኤች-ቲ-ፒ የሚባል ሴሮቶኒን የሚጨምር እንክብል ይዛልኝ መጣች። ሰርትራሊኑን ትቼ እሱን ልጀምር? ወይስ ሁለቱን አብሬ ልውሰድ? ደም ተመርምሬ ሴሮቶኒኔን ማስለካትስ እችላለሁ?»

ሁለቱን አብረሽ አትውሰጂ። ሰርትራሊኑንም በራስሽ ውሳኔ አታቋርጪ። የደም ምርመራው ደግሞ ገንዘብሽን ከመውሰድ በቀር የሚነግርሽ ነገር የለም። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳሽ። ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀዋል፦ የአራት ዓመቱ የሆድ ችግር፣ የአምስት ሳምንቱ ተቅማጥና የፋይቭ-ኤች-ቲ-ፒው ጠርሙስ ጉዳይ። ሦስቱም ሴሮቶኒንን፣ ቪዲዮው «የደስታ ሆርሞን» ያለውን ኬሚካል፣ ይነካካሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ከቪዲዮው እንጀምር። ቁጥሩ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ነው የተሳሳተው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን ከ90 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው በእርግጥም ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ነገር ግን ያ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። አንጎል የሚያስፈልገውን ሴሮቶኒን እዚያው ራሱ ይሠራል። አጥሩን የሚያልፈው ከምግብ የምናገኘው ትሪፕቶፋን የተባለው ጥሬ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንጀትሽ ውስጥ ያለው ሴሮቶኒን ዛሬ በእጥፍ ቢጨምር ደስታሽ በእጥፍ አይጨምርም። የሚጨምረው ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ቶሎ ማመናችን አይገርመኝም። ስሜታችንን ሁሉ የምናኖረው ሆዳችን ውስጥ ነውና። «ሆድ ባሰኝ» እንላለን። «አንጀቴን በላው» እንላለን። ደስ ሲለን «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እንላለን። ይህ አነጋገር ውሸት አይደለም። ሆድና አንጎል በነርቭ ይነጋገራሉ፤ ጭንቀት አንጀትን ሲያፋጥን በራስሽ ላይ አይተሽዋል። ግን መነጋገር ሌላ፣ አንዱ የሠራውን ኬሚካል ሌላው መብላት ሌላ ነው።

ደግሞ ሴሮቶኒን መጀመሪያ የተገኘው በአንጎል ውስጥ አልነበረም። ቪቶሪዮ ኤርስፓመር የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከአንጀት ሽፋን አንድ ጡንቻ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አገኘና «ኢንተራሚን» አለው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ደግሞ የደም ሥር የሚያጠብ ንጥረ ነገር ከደም ለይተው «ሴሮቶኒን» ብለው ሰየሙት። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1952 ነው። ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ተመራማሪ አንጎል ውስጥም እንዳለ ያሳየችው ከዚያ በኋላ፣ በ1953 ነው። «የደስታ ሆርሞን» የሚለው ቅጽል ብዙ ቆይቶ የተለጠፈበት ነው። እኔ አልወደውም። ሰው ነገሩን ካለቦታው እንዲፈልገው ያደርጋል።

ታዲያ አንጀት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? የበዓል ቀን ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ አይተሽ ከሆነ መልሱን በከፊል አይተሽዋል። ሆድ ዕቃው ወጥቶ ሳፋ ውስጥ ተቀምጧል። ከጭንቅላቱ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። አንጀቱ ግን ገና ይንቀሳቀሳል። አንዱ ቦታ ይጨበጣል፣ ቀጥሎ ያለው ይላላል፣ ጭብጡ ቀስ እያለ ወደፊት ይሄዳል። ልጆች ከበው «አልሞተም እንዴ?» ይላሉ። ያ እንቅስቃሴ ከአንጎል ትእዛዝ አይጠብቅም። የአንጀት ግድግዳ ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለ፤ በሰው ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነርቮች ያሉበት መረብ ነው። ከኋላ መጨበጥ፣ ከፊት መልቀቅ። ምግብ የሚሄደው በዚህ ነው።

ያንን ጭብጥ በማስነሳት ረገድ ሴሮቶኒን ትልቅ ድርሻ አለው። አንጀትን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ላይ፣ በየመሀሉ የተበተኑ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ከ100 የሽፋን ሕዋሳት አንድ እንኳ አይሞሉም። ግን ሴሮቶኒኑን የሚሠሩትና በከረጢት የሚያጠራቅሙት እነሱ ናቸው። ምግብ ሲያልፍ ግድግዳው ይለጠጣል፤ ሕዋሱ መለጠጡን ይሰማና ሴሮቶኒኑን ይረጫል። ኤዲት ቡልብሪንግ የተባለች ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ውስጥ ይህንን በእንስሳት አንጀት ላይ አሳይታለች። አንጀቱ ውስጥ ግፊት ስትጨምር ሴሮቶኒን ይወጣ ነበር። የሚያበሳጭ ምግብ ወይም የጀርም መርዝ ሲመጣም ሕዋሱ ይረጫል። አንጀት የገባበትን መጥፎ ነገር በፍጥነት አጥቦ የሚያስወጣው በዚህ ነው። ተቅማጥ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ አንዳንዴ መከላከያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሴሮቶኒን ብቻውን ትእዛዝ አይደለም። የሚሠራው የሚሰማው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ነው፤ እኛ ሪሴፕተር የምንለው። የሴሮቶኒን ተቀባዮች በ7 ቤተሰብ የተከፈሉ ከ14 ያላነሱ ዓይነቶች ናቸው። በየቀኑ የምትሳፈሪበትን ታክሲ አስቢው። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ይላል። ቃሉ አንድ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል። ረዳቱ በሩን ይከፍታል። በሩ አጠገብ የተቀመጠው እግሩን ይሰበስባል። የሰሙት አንድ ነገር ነው፤ ያደረጉት ግን የተለያየ ነው። ሴሮቶኒንም እንደዚያ ነው። ስለዚህ «ሴሮቶኒን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ጎዶሎ ነው። ማን ይስማው? የት ይስማው? እሱ ነው ጥያቄው።

ለአንቺ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። ቁጥር 3 የሚባለው ተቀባይ በነርቭ ጫፎች ላይ ይገኛል፣ ፈጣን ነው። ማቅለሽለሽን፣ ቁርጠትንና «አሁኑኑ ሽንት ቤት» የሚለውን ስሜት የሚያቀብለው በአብዛኛው እሱ ነው። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለምን ያስመልሳቸዋል? አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የአንጀት ሕዋሳት ሴሮቶኒናቸውን ባንዴ እንዲረጩ ስለሚያደርጉ ነው። ሴሮቶኒኑ ቁጥር 3ን ይነካል፣ ነርቩ መልእክቱን ወደ አንጎል ያደርሳል፣ ሰውየው ያስመልሰዋል። ኦንዳንሴትሮን የሚባለው መድኃኒት ቁጥር 3ን ይዘጋል፣ ማስመለሱ ይቆማል። ያው መድኃኒት አንጀትንም ስለሚያዘገይ ብዙዎችን ያደርቃል። ይህንን አስታውሺው፣ እመለስበታለሁ።

ቁጥር 4 ደግሞ ገፊ ነው። ነርቮቹ የሚያስተላልፉትን ምልክት ያጠነክራል፤ አንጀት ወደፊት እንዲገፋ ያግዛል። ለከባድ ድርቀት የሚሰጠው ፕሩካሎፕራይድ የሚሠራው እሱን በመቀስቀስ ነው። ሌሎቹ ተቀባዮች ጨጓራ ምግብ ሲቀበል እንዲለጠጥ ማድረግን የመሰለ ሥራ አላቸው፤ ለአንቺ ውሳኔ ግን ብዙም አይጠቅሙሽም።

የተረጨው ሴሮቶኒን ሥራውን ሲጨርስ መነሳት አለበት። የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት በልዩ ማጓጓዣ መልሰው ይውጡታል። ከሱ የተረፈው ደም ውስጥ ይገባና ፕላትሌት የተባሉት ደም የሚያረጉ ቅንጣቶች ይሰበስቡታል። ሰርትራሊን የሚዘጋው ያንኑ ማጓጓዣ ነው። መድኃኒቱ የታሰበው ለአንጎል ነው። ማጓጓዣው ግን አንጎልም አንጀትም ውስጥ አንድ ነው፤ ክኒኑ መርጦ አያንኳኳም። አንጎልሽ ውስጥ ጭንቀቱን እያቀለለ፣ አንጀትሽ ውስጥ ሴሮቶኒኑ ሳይነሳ እንዲቆይ አደረገ። ተቅማጡ ለምን እንደባሰብሽ አሁን ገባሽ። ከመድኃኒቱ ቤተሰቦች መካከል ሰርትራሊን በዚህ በኩል በተለይ ይታወቃል።

ይህ የጎንዮሽ ጉዳት ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። አንቺ አምስተኛው ላይ ነሽ፤ ስለዚህ «ታገሺ» ብቻ ልልሽ አልችልም። ሆኖም በራስሽ ማቆም መፍትሔ አይደለም። ባንዴ ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ንጭንጭ፣ ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነካው ንዝር የማለት ስሜት ሊመጣ ይችላል። ከሁሉም በላይ ጭንቀቱ ተመልሶ ይመጣል። ጭንቀቱ ሲመለስ ደግሞ ሆድሽ ይከተለዋል። ያዘዘልሽ ሐኪም ምርጫ አለው፦ መጠኑን መቀነስ፣ አወሳሰዱን ማስተካከል፣ ወይም ሆድ ብዙም ወደማያስቀምጥ ሌላ መድኃኒት ቀስ አድርጎ ማሸጋገር። ይህንን የሚያደርገው እሱ ነው፤ ፋርማሲው አይደለም፣ እኔም በደብዳቤ አይደለሁም።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ፋይቭ-ኤች-ቲ-ፒ ከትሪፕቶፋን ወደ ሴሮቶኒን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ እርምጃ ነው። ሰውነት ብዙውን ጊዜ ሴሮቶኒን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚቆጣጠርበትን በር ዘሎ ይገባል። ከተዋጠ በኋላ ብዙው አንጎል ሳይደርስ፣ አንጀትና ሌላው ሰውነት ውስጥ ወደ ሴሮቶኒን ይለወጣል። ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ የሆኑት በዚህ ነው። እና አንቺ በሰርትራሊን ማጓጓዣው የተዘጋበት አንጀት ላይ ይህንን ልትጨምሪበት ነው።

ተቅማጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ልክ አላስጠነቅቅሽም ነበር። ሁለቱ ሲደራረቡ ሴሮቶኒን ሲንድረም የሚባል አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይንዘፈዘፋል፣ ሰው ይቅበዘበዛል፣ ሙቀት ይጨምራል፤ ተቅማጥም አብሮት አለ። ከባድ ሲሆን ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ከታየብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ የወሰድሽውንም መድኃኒት በሙሉ ይዘሽ ሂጂ።

ሌሎችም መድኃኒቶች ከሰርትራሊን ጋር ይጋጫሉ። ትራማዶል አንዱ ነው። ለጀርባ ህመም ብሎ ጎረቤት ቢሰጥሽ እንኳ አትውሰጂ። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም እንዲሁ ነው፤ ከቤተሰብሽ ሰው የሚወስድ ካለ ክኒኑ እንዳይደባለቅ። ሦስተኛው ደግሞ ማንም የማይጠረጥረው ነው፦ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ፕላትሌት ሴሮቶኒኑን የሚሰበስበው በዚያው ማጓጓዣ ነው ብዬሻለሁ። ሰርትራሊን ሲዘጋው ደም የመርጋት አቅሙ በትንሹ ይቀንሳል። እነዚህ የህመም ማስታገሻዎች ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳሉ። ሲደመሩ ጨጓራ የመድማት ዕድሉ ከፍ ይላል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይበቃሻል።

«ማሟያ ነው፣ መድኃኒት አይደለም፣ ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ የትሪፕቶፋን እንክብል የወሰዱ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ህመምና የደም መዛባት ታመሙ። ከ1,500 በላይ ሰዎች ተጠቁ፣ የሞቱም አሉ። አብዛኛው ከአንድ አምራች የወጣና የተበከለ ምርት ጋር ተያያዘ። የአክስትሽ ልጅ ያመጣችው በፍቅር ነው፤ እሱን አከብራለሁ። ግን ከሩቅ የመጣ ጠርሙስ ሁሉ የተመረመረ አይደለም።

የደም ምርመራውን በተመለከተ፦ ደም ውስጥ የሚለካው ሴሮቶኒን ፕላትሌት የያዘው ነው፤ ምንጩም አንጀት ነው። አንጎልሽ ውስጥ ስላለው ምንም አይልም። ሰርትራሊን እየወሰድሽ ብትለኪው ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያ «እጥረት አለብሽ» የሚልሽ ሰው ታገኛለሽ። ሴሮቶኒን ተሰባብሮ የሚቀረው ነገር በሽንት የሚለካበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አለ፦ ሴሮቶኒን የሚያመርት፣ እምብዛም የማይገኝ የአንጀት ዕጢ ሲጠረጠር። ፊት በድንገት እየቀላ የሚያቃጥልበትና ተቅማጥ የማያቋርጥበት ሰው ነው ያን የሚመረመረው። አንቺ የጻፍሽው ያንን አይመስልም። ሙዝም ሴሮቶኒን አለው፤ አንጎል ግን አይደርስም። ሙዝ ከወደድሽ ብዪ፤ ሙዝ ስለሆነ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአራት ዓመቱ ነገር ነው። የጻፍሽው ምልክት አይ-ቢ-ኤስ ለምንለው ችግር በጣም ይቀርባል። አንጀቱ አልቆሰለም፣ ሥራው ነው የተዛባው። መለያው ይህ ነው፦ ምልክቱ ከጀመረ 6 ወር አልፎታል፣ ላለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆድ ያምማል፣ ህመሙም ከሰገራ መውጣት፣ ከምልልሱ ወይም ከሰገራው ቅጥነትና ድርቀት ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ይያያዛል። እዚህ ውስጥም ሴሮቶኒን አለ። ከአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ በግምት ከ10 ሰው አንዱ ጀርሙ ከጠፋም በኋላ አይ-ቢ-ኤስ ይይዘዋል። በአንዳንዶቹ አንጀት ላይ ሴሮቶኒን የሚረጩት ሕዋሳት በዝተው ይገኛሉ። አንጀቱ ጠላቱ ከሄደ በኋላም ዘብ ላይ ነው። ያንቺም ከአንድ ከባድ የሆድ ሕመም በኋላ ጀምሮ እንደሆነ አስታውሺ፤ ሐኪም ሲጠይቅሽ ይጠቅማል።

«አሜባ ነው» የተባልሽውን በጥርጣሬ ነው የማየው። በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታየው የአሜባ ሳይስት በሽታ የሚያመጣው ዓይነት ይሁን የማይጎዳው መንትያው መለየት አይቻልም። ክፍሌ የሚመጡ ሰዎች በፌስታል ሙሉ የአሮጌ ውጤት ወረቀት ያወጣሉ። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ደግሞ አሜባ። አንድ ሰው በዓመት ስድስት ጊዜ አሜባ አይዘውም። ለአሜባ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ለሳምንት የሚያሻልሽ ምናልባት የአንጀት ባክቴሪያዎችሽን ስለሚያናውጥ ነው፤ አድኖሽ አይደለም። ደጋግሞ መውሰድ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። እባክሽ ካሁን በኋላ ያለ ጥሩ ምክንያት አትድገሚው።

እኔም ግን በደብዳቤ ብቻ «አይ-ቢ-ኤስ ነው» ብዬ አልፈርምም። ሰገራ ላይ ደም፣ ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ የደም ማነስ፣ ወይም የአንጀት ካንሰር ያለበት የቅርብ ዘመድ ካለ ነገሩ ይለወጣል። እኛ አገር የአንጀት ነቀርሳም አለ፤ አይረሳም። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ በአግባቡ፣ የሰገራ፣ የደም ቆጠራ፣ የታይሮይድና የኤች-አይ-ቪ ምርመራ ይደረግ። ንጹሕ ከሆኑ ምርመራ ፍለጋ ከቦታ ቦታ መዞር ይቁም።

ምግብን በተመለከተ ያለሽበት አገር የሚሰጥሽ ጥሩ ፈተና አለ። የምትጾሚ ከሆነ ባለፈው ዐቢይ ጾም 55ቱን ቀን ሆድሽ እንዴት ነበር? ወተትና ማኪያቶ ስትተዪ ተቅማጡ ከቀነሰ፣ የወተቱ ስኳር አልስማማ ብሎሽ ይሆናል፤ ብዙ አዋቂ ኢትዮጵያዊ እንደዚያ ነው። በተቃራኒው ሽሮው፣ ምስሩና ሽንኩርቱ ሲበዛ መነፋትና ጋዝ ከባሰብሽ፣ ችግሩ እነሱ ውስጥ ያለው የሚብላላ ስኳር ነው። የማትጾሚ ከሆነም ሁለቱን ለሁለት ለሁለት ሳምንት እየለየሽ መሞከር ትችያለሽ። ቡናም ትልቁን አንጀት ይቀሰቅሳል። በባዶ ሆድ ጠጥተሽ ታክሲ ውስጥ መግባት ለአንቺ አይሆንም። ጠዋት ከእንቅልፍ መነሳትና ቁርስም በራሳቸው አንጀትን ያንቀሳቅሳሉ፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ተነስተሽ፣ በልተሽ፣ ሽንት ቤት ደርሰሽ ውጪ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ የሚለውን ምክር ተዪው፤ የተቆጣ አንጀት ላይ ማቃጠል ምን ይጨምራል?

እርጎና «የጥሩ ባክቴሪያ» እንክብልም ይነሱ ይሆናል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሕዋሳቱ ሴሮቶኒን እንዲሠሩ እንደሚገፋፉ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጦች ላይ ታይቷል። ትልቅ ግኝት ነው። ከዚያ ተነስቶ አንድ ኩባያ እርጎ ጭንቀት ያድናል ማለት ግን አይቻልም።

«ታዲያ ተቀባዮቹን የሚነካ መድኃኒት ለምን አይሰጠኝም?» ትዪ ይሆናል። ተሞክሯል፤ ትምህርቱም ውድ ነበር። አሎሴትሮን ቁጥር 3ን በኃይል የሚዘጋ ለተቅማጥ አይ-ቢ-ኤስ የተሠራ መድኃኒት ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 ተፈቀደ፣ በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ። ከባድ ድርቀትና ደም ያጠረው አንጀት አመጣ። በ2002 የተመለሰው በጥብቅ ገደብ ነው። ቁጥር 4ን የሚቀሰቅሰው ሲሳፕራይድ የልብ ምት አዛባ። ቴጋሴሮድም በ2007 በልብና በደም ሥር ስጋት ከገበያ ወጣ። መድኃኒቶቹ መጥፎ ሰዎች ስለሠሯቸው አይደለም። አንድን ተቀባይ ስትነኪ ያለበትን ቦታ ሁሉ ትነኪያለሽ። ዛሬ ያሉን ሁለት አማራጮች የተሻሉ ናቸው። ኦንዳንሴትሮን በትንሽ መጠን ጥድፊያውንና ቅጥነቱን ይቀንሳል፤ ህመሙን ግን ብዙም አያስታግስም። አሚትሪፕቲሊን በማታ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ህመሙንም ተቅማጡንም ይረዳል፤ በ2023 የታተመ ትልቅ ጥናት ይህንን አጠናክሯል። ሁለቱም ግን ከሰርትራሊን ጋር ሲሆኑ የልብ ምትንና የሴሮቶኒንን ጉዳይ የሚያይ ሐኪም ይፈልጋሉ። ፋርማሲ ገብተሽ «ኦንዳንሴትሮን ስጡኝ» እንዳትዪ።

ስለዚህ የማዝሽ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ሰርትራሊኑን ወዳዘዘልሽ ሐኪም ተመለሺ። «ጭንቀቱ ቀሏል፣ ተቅማጡ ግን ከአምስት ሳምንት በኋላም አልቆመም» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ብዙ ሰው ጭንቀቱን ነግሮ ስለ ሰገራው መናገር ያፍራል፤ አንቺ እንዳታፍሪ። እስከዚያው ክኒኑን ቁርስ በልተሽ ውሰጂ፣ ውኃ ጠጪ፣ ተቅማጡ ከበዛ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጠሽ ጠጪ። ለሁለት ሳምንት ደብተር ያዢ፦ ምን በላሽ፣ ስንት ጊዜ ወጣሽ፣ ቀጭን ነው ወይስ ጠንካራ፣ ያን ቀን ምን አስጨነቀሽ። የመድኃኒቱ ነገር ከተስተካከለ በኋላ አራት ሳምንት ጠብቂ። አዲሱ ተቅማጥ ሄዶ የድሮው ቁርጠት ከቀረ፣ ደብተሩን ይዘሽ የአንጀት ሐኪም ጋ ሂጂ። ሁለቱን ችግር ለይቶ ማከም የሚቻለው ያኔ ነው።

ጠርሙሱን አትክፈቺው፣ ለሌላ ሰውም አትስጪው። ቀጠሮሽ ቀን ይዘሽው ሂጂና ሐኪምሽ መለያውን ያንብበው።